ዓሣ የሌለበት ትንሽ የኮራል አኳሪየም፤ አመጋገቡና አጠባበቁ

መግቢያ

በቤተ ሙከራችን ቁም ሣጥን ውስጥ የሚቀመጠውን ነጭ ኮራል ብቻ ያየ ተማሪ ኮራል ድንጋይ ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ነገር ግን ያ ነጭ ነገር እንስሳው ከሞተ በኋላ የቀረው ዐፅም ነው። በሕይወት ያለው ኮራል ሥጋ ያለው፣ አፍ ያለው፣ ምግብ ሲሸተው የሚነቃና ሲጠግብ የሚሰበሰብ ፍጥረት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ 10 ሊትር ያህል ውሃ በሚይዝ የመስተዋት ዕቃ ውስጥ፣ ዓሣ ሳይጨመር፣ ኮራልን በሕይወት ለማኖር ምን እንደሚያስፈልግ፣ በተለይም እንዴት እንደሚመገብ ማስረዳት ነው። ከባሕር ርቀን በደጋ የምንኖር ሰዎች ይህን ማወቅ ምን ይጠቅመናል የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። መልሱ ይህ ነው፤ በመማሪያ መጻሕፍት በተለያየ ምዕራፍ የምናጠናቸው የናይትሮጅን ዑደት፣ የፎቶሲንተሲስ፣ የጨውና የኖራ ኬሚስትሪ በዚህች ትንሽ ዕቃ ውስጥ በአንድነት ሲሠሩ ይታያሉ። ከነዚህ በአንዱ የተሳሳተ ሰው ስሕተቱን የሚያውቀው በፈተና ወረቀት ላይ ሳይሆን በአንድ ሕያው ፍጥረት ሞት ነው።

ጽሑፉ የሚያስረዳው ዋና ሐሳብ በአጭሩ ሲነገር፣ በትንሽ ውሃ ውስጥ መመገብና ማጽዳት አንድ ሥራ ናቸው የሚል ነው። ምግብ የሰጠ እጅ ከምግቡ የሚወጣውን ቆሻሻ ወዲያው ካላስወገደ ኮራሎቹ በረኃብ ከመሞታቸው በፊት በጥጋብ ይሞታሉ።

1. ኮራል የሚኖርበት ምግብ ከየት ይመጣል?

እያንዳንዱ ኮራል ፖሊፕ ከሚባሉ ትናንሽ አካላት የተሠራ ነው። ፖሊፕ እንደ ከረጢት ሆኖ በአናቱ አንድ አፍ ብቻ አለው፤ በአፉ ዙሪያም የሚናደፉ ክሮች ይገኛሉ። ምግብ የሚገባው በዚሁ አፍ ነው፤ ያልተፈጨው ትራፊም የሚወጣው በዚሁ ነው። ይህን ነገር አንባቢው እንዲያስታውሰው እንለምናለን፤ በኋላ ይጠቅመናልና።

ኮራል ምን ይመገባል የሚለው ጥያቄ ሊቃውንትን ለረጅም ጊዜ አከራክሯል። የእንግሊዙ ተመራማሪ ሲ. ኤም. ዮንግ እ.ኤ.አ. ከ1928 እስከ 1929 በአውስትራሊያ ታላቁ የኮራል ግንብ ላይ የተደረገውን የጥናት ጉዞ መርቶ ነበር። እርሱም የፖሊፕን አፍና ሆድ ከመረመረ በኋላ ኮራል ሥጋ በል እንስሳ ነው ሲል ደመደመ። በሌላ በኩል በብዙ ኮራሎች ሥጋ ውስጥ እጅግ ደቃቅ የሆኑ ቡናማ አልጌዎች እንደሚኖሩ የታወቀ ነበር። ቁጥራቸውም በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ወደ አንድ ሚሊዮን ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1958 ማስካታይንና ሃንድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የኮራል ዘመድ በሆነ አንድ የባሕር እንስሳ ላይ ራዲዮአክቲቭ ካርቦን ተጠቅመው፣ አልጌዎቹ በብርሃን የሠሩት ምግብ ወደ እንስሳው ሥጋ እንደሚተላለፍ በቀጥታ አሳዩ።

ዛሬ ሁለቱም ወገኖች የእውነቱን ከፊል እንደ ያዙ እናውቃለን። አልጌው ለኮራሉ ከሚያስፈልገው ጉልበት አብዛኛውን፣ በጥሩ ብርሃን ሲሆንም ከመቶ 90 ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ ሊሰጠው ይችላል። ነገር ግን ይህ ምግብ በይበልጥ ስኳርና ስብ እንጂ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ የበዛበት አይደለም። ሰው በማር ብቻ ቢኖር ጉልበት ሊያገኝ ይችል ይሆናል፤ ሥጋ ግን አያበጅም። ኮራልም እንዲሁ ነው። ብርሃን ያቆየዋል፤ አዲስ ሥጋና አዲስ ዐፅም ለመሥራት ግን በክሮቹ የሚይዘው እንስሳዊ ምግብ ይረዳዋል።

ይህ ሁሉ የተነገረው አልጌ ስላላቸው ኮራሎች ነው። ቱባስትሪያ እንደሚባለው ብርቱካን መልክ ያለው ኮራል ያሉት አልጌ ፈጽሞ የላቸውም። እንደነዚህ ያሉትን የሚያኖር ሰው እያንዳንዱን ፖሊፕ በሳምንት ብዙ ጊዜ ማጉረስ አለበት። ስለዚህ ቱባስትሪያ ለጀማሪና ለትንሽ ዕቃ አይመከርም።

2. ከታሪኩ ጥቂት

ኮራልን በቤት ውስጥ ለማቆየት የተደረገው የታወቀ የመጀመሪያ ሙከራ ዓሣ ያልነበረበት መሆኑ ሊያስገርም ይችላል። አና ታይን የተባሉ እንግሊዛዊት እመቤት እ.ኤ.አ. በ1846 ከቶርኬ የባሕር ዳርቻ ጥቂት ኮራሎች በድንጋይ ማሰሮ አድርገው ወደ ለንደን አመጡ። ለንደን ላይ የባሕር ውሃ እንደ ልብ ስለማይገኝ ያው ውሃ አየር እንዲያገኝ በተከፈተ መስኮት ፊት ለፊት ከዕቃ ወደ ዕቃ ይገለበጥ ነበር። ይህንም አድካሚ ሥራ የምትሠራው የቤት ሠራተኛቸው ነበረች። በሚቀጥለው ዓመት በ1847 የባሕር ተክሎች ጨመሩበት፤ ተክሎቹም ኦክሲጅን ስለሚሰጡ ድካሙ ቀለለ። ስለ ኮራሎቹ አበዛዝ ያዩትም በ1859 በሳይንሳዊ መጽሔት ታተመ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመታት አልፈው፣ በኢንዶኔዥያ ሊ ቺን ኤንግ የተባሉ ሰው የባሕር ድንጋይን ከነሕይወቱ በዕቃ ውስጥ አኑረው በአየር አረፋ ብቻ ውሃውን እያንቀሳቀሱ ኮራሎችን አቆዩ። ይህንም ዘዴ በ1961 በጽሑፍ አሳወቁ። ዛሬ ትናንሽ የኮራል ዕቃዎች የሚሠሩበት መንገድ በመሠረቱ ከዚሁ የተለየ አይደለም።

3. ዕቃውና ውሃው

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጉት ነገሮች ጥቂት ናቸው። እነርሱም፤ ክዳን ያለው የመስተዋት ዕቃ፣ ውሃውን የሚያንቀሳቅስ ትንሽ ፓምፕ ወይም የአየር መንፊያ፣ ቴርሞስታት ያለው ማሞቂያ፣ ነጭና ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጥ መብራት፣ ቴርሞሜትር፣ የጨውን መጠን መለኪያ፣ እንዲሁም አንድ ኪሎ ግራም ያህል ቀዳዳ የበዛበት የባሕር ድንጋይ ናቸው። መብራቱ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይበራል። ሙቀቱ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሁን።

ስለ ጨው አንድ ማስጠንቀቂያ መስጠት ይገባል። አገራችን ከአፋር ምድር የሚወጣ ብዙ ጨው አላት፤ ይሁን እንጂ አሞሌም ሆነ የገበታ ጨው ለዚህ ሥራ አይሆንም። በአንድ ኪሎ ግራም የውቅያኖስ ውሃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው ይገኛል። ከዚህ ውስጥ ሶዲየምና ክሎራይድ ከመቶ 86 ያህሉን ይይዛሉ። የቀሩት ከመቶ 14 ያህሉ ማግኒዚየም፣ ሰልፌት፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሌሎችም ናቸው። 35 ግራም የገበታ ጨው በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ የበጠበጠ ሰው በመለኪያው ሲያየው ትክክለኛ የባሕር ውሃ የሠራ ይመስለዋል፤ ኮራሉ ግን ዐፅሙን የሚሠራበት ካልሲየም አያገኝም። ስለዚህ ለባሕር አኳሪየም ተብሎ የተቀመመውን ጨው መጠቀም ግድ ነው።

ጨው የሚበጠበጥበትም ውሃ ንጹሕ መሆን አለበት። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን፣ አንዳንድ ጊዜም ናይትሬትና መዳብ ሊኖርበት ይችላል፤ መዳብ በጥቂቱም ቢሆን አከርካሪ ለሌላቸው የባሕር እንስሳት መርዝ ነው። ከሁሉ የሚሻለው እንደ አረቄ በእንፋሎት ወጥቶ የተጠራቀመ ውሃ ነው።

ድንጋዩ ለጌጥ ብቻ የተቀመጠ አይደለም። በገጹና በቀዳዳዎቹ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች የዕቃው ኩላሊት ናቸው ማለት ይቻላል። ከምግብና ከእንስሳት የሚወጣውን መርዘኛ አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ ወደሚያንስ ናይትሬት ይለውጡታል። ኦክሲጅን በማይደርስበት በድንጋዩ ውስጠኛ ክፍል ደግሞ ሌሎች ባክቴሪያዎች ከናይትሬቱ ከፊሉን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ይመልሱታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያስፈልጋል። ስለዚህ ውሃው ተመርምሮ አሞኒያና ናይትራይት መጥፋታቸው ሳይረጋገጥ ኮራል ማስገባት አይገባም። ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት በእውቀት ማነስ ሳይሆን በዚህ ጊዜ ትዕግሥት በማጣት ነው።

ኮራሎቹን ስንመርጥ ለትንሽ ዕቃ የሚስማሙትን እንምረጥ። ዲስኮሶማ የሚባለው እንጉዳይ መሰል ዓይነት፣ ዞአንተስ፣ ካውላስትሪያ የመሳሰሉት ለጀማሪ ይሆናሉ። በማታ ረጃጅም የሚናደፉ ክሮች የሚዘረጉት ግን በጠባብ ቦታ ጎረቤታቸውን ያቃጥላሉ። ዞአንተስንና ዘመዱን ፓሊቶዋን የሚይዝ ሰው ደግሞ ይጠንቀቅ። አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል እጅግ ኃይለኛ መርዝ አላቸው። እነዚህ የተጣበቁበትን ድንጋይ በቡሩሽ መፈግፈግ ወይም በፈላ ውሃ መቀቀል ሰዎችን ለብርቱ ሕመም ዳርጓል። ስለዚህ በጓንት መያዝ፣ ዓይንን በመነጽር መጋረድ፣ ሲጨርሱም እጅን መታጠብ ያስፈልጋል።

4. ዓሣ ለምን አይጨመርም?

ዓሣ በየቀኑ መብላት አለበት። የበላውንም ናይትሮጅን አብዛኛውን በአሞኒያ መልክ በስንጥቡ በኩል ቀንና ሌሊት ያወጣል። ይህ በ400 ሊትር ውሃ ውስጥ ሲሆን ይበተናል፤ በ10 ሊትር ውስጥ ግን ይከማቻል። ከዚህም በላይ ዓሣ የሚዋኝበት ስፍራ ይሻል፤ በእንዲህ ያለ ዕቃ ውስጥ ማኖር እርሱንም ማሠቃየት ነው።

ዓሣው ከቀረ፣ ወደ ዕቃው የሚገባው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ሁሉ የሚመጣው ከጠባቂው እጅ ብቻ ይሆናል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ጠባቂው የሚገባውንና የሚወጣውን እንደ ገንዘብ ያዥ መቁጠር ይችላልና። አልጌ ያላቸው ኮራሎች በብርሃን ስለሚኖሩ አንድ ሳምንት ወይም ሁለት ሳምንት ምግብ ባያገኙ አይሞቱም። ዓሣ ቢኖር ኖሮ ይህ ነጻነት አይገኝም ነበር።

በዕቃው ውስጥ አልጌ የሚግጡ አንድ ሁለት ትናንሽ የባሕር ቀንድ አውጣዎች ቢኖሩ ግን ይጠቅማሉ።

5. የአንድ ግራም ምግብ ሒሳብ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። አንድ ግራም የሽሪምፕ ሥጋ በ10 ሊትር ዕቃ ውስጥ ቢጨመር ምን እንደሚሆን እናስላ።

ሥጋው ከመቶ 20 ያህል ፕሮቲን አለው እንበል፤ ይህ 0.2 ግራም ነው። ከፕሮቲን ውስጥ ናይትሮጅን ከመቶ 16 ያህል ስለሚሆን 0.032 ግራም፣ ማለት 32 ሚሊ ግራም ናይትሮጅን እናገኛለን። ይህ ሁሉ በባክቴሪያዎች ሥራ ናይትሬት ቢሆን ክብደቱ 142 ሚሊ ግራም ይደርሳል። በ10 ሊትር ሲካፈልም በእያንዳንዱ ሊትር 14 ሚሊ ግራም ይሆናል። ያው አንድ ግራም በ400 ሊትር ዕቃ ውስጥ ቢገባ በሊትር 0.35 ሚሊ ግራም ብቻ በጨመረ ነበር። የትልቅ ዕቃ ባለቤት የማይታወቀው ስሕተት ለትንሽ ዕቃ ባለቤት ከባድ ዕዳ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

እርግጥ ኮራሎቹ ከናይትሮጅኑ ከፊሉን ለሥጋቸው ያስቀራሉ፤ አልጌና ባክቴሪያም ይወስዳሉ። ሆኖም ጠንቃቃ ሰው ሒሳቡን የሚሠራው የከፋውን አስቦ ነው።

ቀጥለን በየሳምንቱ ሩብ ግራም ምግብ ይሰጣል እንበል። በዚህ ምግብ ናይትሬቱ በሳምንት በሊትር በ3.5 ሚሊ ግራም ይጨምራል። በየሳምንቱ ከውሃው የተወሰነው እጅ በአዲስ ቢለወጥ፣ ከብዙ ሳምንታት በኋላ ናይትሬቱ ከአንድ ደረጃ ላይ ደርሶ ይቆማል። ያም ከመለወጡ በፊት የሚታየው መጠን፣ ሳምንታዊው ጭማሪ ለሚለወጠው እጅ ተካፍሎ የሚገኘው ነው። ስለዚህ፤

ሀ) ከውሃው አንድ አሥረኛው ቢለወጥ ናይትሬቱ 35 ሚሊ ግራም ይደርሳል።
ለ) ሩቡ ቢለወጥ 14 ይደርሳል።
ሐ) ግማሹ ቢለወጥ 7 ላይ ይቆማል፤ ከተለወጠም በኋላ ወደ 3.5 ይወርዳል።

ለነዚህ ኮራሎች በሊትር ከ2 እስከ 10 ሚሊ ግራም የሚሆን ናይትሬት ተስማሚ ስለ ሆነ ሦስተኛው መንገድ የሚበጅ መሆኑ ግልጽ ነው። በትልቅ ዕቃ ውስጥ ግማሹን ውሃ መለወጥ ብዙ ድካምና ብዙ ወጪ ነው። በ10 ሊትር ዕቃ ውስጥ ግን 5 ሊትር፣ ማለት አንድ ባልዲ እንኳ የማይሞላ ውሃ ነው። እንግዲህ የዕቃው ትንሽነት ጉዳት ብቻ ሳይሆን መድኃኒትም አለው።

ከዚህ ጋራ በተቃራኒው የሚደረገውን ስሕተት ማንሣት ይገባል። ቆሻሻን የፈሩ አንዳንድ ሰዎች ፈጽሞ ሳይመግቡ ናይትሬትና ፎስፌት ከውሃው ጨርሰው እንዲጠፉ ያደርጋሉ። ይህም አይበጅም። ኮራሉ ይነጣል፤ እድገቱ ይቆማል፤ አንዳንድ ጊዜም ዲኖፍላጀሌት የሚባሉ ቡናማ ዝልግልግ ነገሮች ድንጋዩን ይወርሱታል። የሚፈለገው ባዶ ውሃ ሳይሆን የሚገባውና የሚወጣው የተመጣጠነ ውሃ ነው።

6. የሳምንቱ ሥራ በቅደም ተከተል

ለምግብነት ከሁሉ የሚሻለው ገና የተፈለፈለ አርቴሚያ ነው። ይህ ትንሽ የጨው ውሃ ፍጥረት እንቁላሉ በደረቁ ለዓመታት ይቀመጣል። እንቁላሉ በጨው ውሃ ውስጥ ገብቶ በ28 ዲግሪ ያህል ሙቀት አየር ሲነፋበት በ24 ሰዓት ገደማ ይፈለፈላል። ሲወጣ ርዝመቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ስለ ሆነ ለትናንሽ አፎች ይመቻል። አርቴሚያ ባይገኝ በቀዝቃዛ የተቀመጠ ጥቃቅን የባሕር ፍጥረት፣ ወይም እጅግ የደቀቀና በውሃ የታጠበ የሽሪምፕ ሥጋ ይሆናል። ሥራውም እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ በዋዜማው 5 ሊትር አዲስ የጨው ውሃ ይበጠበጣል፤ አርቴሚያውም እንዲፈለፈል ይደረጋል።

ሁለተኛ፤ በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ መብራቱ ገና በርቶ ሳለ ፓምፑ ይቆማል። አርቴሚያው ከቅርፊቱ ተለይቶ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል፤ የተፈለፈለበት ውሃ ቆሻሻ ነውና ወደ ዕቃው አይጨመርም።

ሦስተኛ፤ መጀመሪያ ጥቂት ጠብታ ብቻ ይረጫል። ኮራሎቹ ሽታው ሲደርሳቸው ክሮቻቸውን ይዘረጋሉ። ከ10 ደቂቃ በኋላ መርፌው በወጣለት ሲሪንጅ ለእያንዳንዱ ኮራል ቀስ ተብሎ ይሰጣል። ምግብን በውሃው ሁሉ መበተን ኮራልን ሳይሆን አልጌን መመገብ ነው።

አራተኛ፤ ከአንድ ሰዓት ያህል በኋላ ያልተበላው በቀጭን የላስቲክ ቱቦ ተስቦ ይወጣል፤ ፓምፑም ሥራውን ይቀጥላል።

አምስተኛ፤ በማግሥቱ ጧት ግማሹ ውሃ ይለወጣል። ወዲያው ያልተለወጠበት ምክንያት ከላይ በተነገረው ነገር ይታወቃል። ፖሊፕ አንድ አፍ ብቻ ስላለው ያልተፈጨውን ትራፊ የሚተፋው ከብዙ ሰዓት በኋላ ነው፤ ስለዚህ የጧቱ ለውጥ ያንንም ይዞ ይወጣል። አዲሱ ውሃ በሙቀትም በጨውም ከአሮጌው ጋራ እኩል መሆን አለበት። ውሃው ሲጎድል ኮራሎቹ ለጥቂት ደቂቃ ከውሃ በላይ ቢታዩ አያስፈራም፤ በባሕር ዳር የሚኖሩ ብዙ ኮራሎች ባሕሩ ሲሸሽ እንዲሁ ይሆናሉና።

ውሃ መለወጡ ሌላም ጥቅም አለው። ኮራል ዐፅሙን ሲሠራ ካልሲየምና ካርቦኔት ይወስዳል። በሊትር 20 ሚሊ ግራም ካልሲየም በተወሰደ ቁጥር የውሃው አልካሊነት በአንድ ሚሊ ኢኩዊቫለንት ይቀንሳል። ባሕር ውስጥ ካልሲየሙ 410 ያህል ስለ ሆነ 20 ቢጎድል ከመቶ 5 አይሞላም። አልካሊነቱ ግን 2.5 ያህል ብቻ ስለ ሆነ አንድ ሲጎድል ከመቶ 40 ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ ቀድሞ የሚያልቀው አልካሊነት ነው፤ በየሳምንቱ የሚገባው አዲስ ውሃም ይህን ይተካል።

7. በየቀኑ የማይታለፈው ሥራ

ምግብ ለሳምንት ቢቀር ጉዳት የለውም ብለናል። የተነነውን ውሃ መተካት ግን አይቀርም። ከ10 ሊትር ዕቃ በቀን 0.2 ሊትር ቢተን በ5 ቀን አንድ ሊትር ይጎድላል። የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ ጨው ወደ ኋላ ይቀራል። መጀመሪያ በ10 ሊትር የነበረው 350 ግራም ጨው አሁን በ9 ሊትር ውስጥ ስለ ሆነ በሊትር 35 የነበረው ወደ 39 ያህል ይወጣል። ከዚያም ባለቤቱ ደንግጦ አንድ ሊትር በአንድ ጊዜ ቢያፈስበት ሁለተኛ ጉዳት ያመጣል። ስለዚህ በዕቃው ላይ የውሃው ልክ በመሥመር ይመልከት፤ በየቀኑም የጎደለው ያህል ጨው የሌለበት ንጹሕ ውሃ ይጨመር። ጨው ያለበት ውሃ የሚገባው ለለውጥ እንጂ ለመተካት አይደለም። ለዕረፍት ወደ አገሩ የሚሄድ ተማሪ ለጓደኛው አደራ የሚሰጠው ምግቡን ሳይሆን ይህን ውሃ ነው። እንዲያውም ምግቡን ደብቆት ቢሄድ ይሻላል።

8. በአዲስ አበባ ከፍታ የሚያጋጥመው ችግር

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ በውሃ ውስጥ ሊሟሟ የሚችለውም ኦክሲጅን በዚያው መጠን ያንሳል። በ25 ዲግሪ ሙቀት የባሕር ውሃ በባሕር ዳር በሊትር 6.8 ሚሊ ግራም ያህል ኦክሲጅን ሲይዝ፣ እዚህ የሚይዘው 5 ሚሊ ግራም ያህል ነው። ቀን አልጌዎቹ ኦክሲጅን ስለሚሰጡ ችግር የለም። ሌሊት ግን ሁሉም ተንፋሽ ይሆናል፤ በዚያ ላይ የሚበሰብስ ምግብ ካለ ባክቴሪያዎቹ ይሻሙበታል። እንግዲህ ትራፊውን ሳይመሽ ማውጣትና የውሃውን ገጽ ሌሊቱን ሁሉ ማንቀሳቀስ በባሕር ዳር ካለው ይልቅ እዚህ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ችግር ብርድ ነው። 10 ሊትር የሚይዝ ባለ እኩል ጎን ዕቃ ለአንድ ሊትር የሚደርሰው ገጽ 1,000 ሊትር ከሚይዘው ከአራት እጥፍ በላይ ነው፤ ስለዚህ ቶሎ ይቀዘቅዛል። በደጋ ሌሊት መብራት ቢጠፋ ማሞቂያውም ፓምፑም አብረው ይቆማሉ። ለዚህ በባትሪ የሚሠራ የአየር መንፊያ ማዘጋጀት፣ ዕቃውንም ከላዩ አየር መግቢያ ትቶ በጋቢ መጠቅለል ቀላል ዘዴ ነው። ሙቀት መብዛቱም እንደ ብርድ ይጎዳል። በባሕር እንኳ የውሃው ሙቀት ከበጋው ከፍተኛ ልክ በአንድ ዲግሪ ያህል አልፎ ለሳምንታት ሲቆይ ኮራሎች አልጌዎቻቸውን አውጥተው ይነጣሉ። በ1998 እና ከ2014 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. በብዙ ውቅያኖሶች የደረሰው ጥፋት ከዚህ የመጣ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘረውን ያነበበ ሰው፣ ይህን ያህል የሚያስጨንቅ ከሆነ ኮራልን በባሕሩ መተው አይሻልምን ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ድንጋያማ ኮራሎች ዝርያቸው እንዳይጠፋ በዓለም አቀፍ ስምምነት የተጠበቁ ስለ ሆኑ ከአገር ወደ አገር የሚሻገሩት በፈቃድ ነው። ለመማሪያ ሲባል ከባሕር ተቆርጦ መጥቶ በአንድ ወር የሚሞት ኮራል ለማንም ትምህርት አይሆንም። ነገር ግን ኮራል እንደ ተክል ቅርንጫፉ ተቆርጦ ሊባዛ ይችላል። በዕቃ ውስጥ ካደገ ኮራል የተከፈለ ቁራጭ መቀበል፣ ካደገም በኋላ ከፍሎ ለሌላ መስጠት ባሕሩን ሳይነኩ የሚማሩበት መንገድ ነው።

በእኛ አስተያየት ኮራል ለማኖር መብት የሚኖረው አስቀድሞ ኮራል የሌለበትን ዕቃ ሁለት ወር በትክክል የጠበቀ ሰው ነው። ውሃውን በየቀኑ የተካ፣ ጨውና ሙቀቱን በደብተር የጻፈ፣ በየሳምንቱም ግማሹን የለወጠ ሰው ኮራል ቢቀበል ያሳድገዋል። ይህን ማድረግ የከበደው ሰው ግን ነገሩን በሁለት ወር ውስጥ ማወቁ ለእርሱም ለኮራሉም መልካም ነው። የዚህች ዕቃ ትምህርት ከዕቃዋ ይሰፋል፤ በትንሽ ስፍራ የሚኖር ሁሉ የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የሚተርፈውንም መቁጠር አለበትና።